ቅዳሜና እሁድ ኢንጂነር መሆን ይቻላል?

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንጀምር። ወረቀት ባይኖራችሁ ስልካችሁ ይበቃል።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ነው ሲባል፣ ቁጥሩ የሚለካው ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበትን ጊዜ ብቻ አይደለም። ሌክቸሩ፣ ላቡ፣ አሳይንመንቱ፣ ማታ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡት ሁሉ ተደምሮ ነው። ሥርዓቱን ያወጡት አውሮፓውያን አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው ይላሉ። እኛ ዝቅተኛውን እንውሰድና አንድ ኮርስ 125 ሰዓት ይፈልጋል እንበል። በሴሚስተር አምስት ኮርስ ሲሆን 625 ሰዓት ይመጣል። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ በሳምንት 39 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። መደበኛ ተማሪ ሌላ ሥራ ስለሌለው ይህን ሰዓት አያጣም፤ ይጠቀምበት አይጠቀምበት ሌላ ጉዳይ ነው።

እናንተ ግን ቡታጅራ ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይት የምትውሉ፣ ወይም ወልቂጤ ውስጥ ሞባይልና ኮምፒውተር የምትጠግኑ ልጆች ናችሁ እንበል። ቅዳሜና እሁድ ስምንት ስምንት ሰዓት ብትማሩ 16 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብታነቡ፣ እንቅልፍ ካልጣላችሁ፣ 10 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 26። 39ን ለ26 ስታካፍሉት 1.5 ይመጣል። መደበኛው ተማሪ በአምስት ዓመት የሚጨርሰውን የምህንድስና ትምህርት እናንተ በሰባት ዓመት ተኩል ትጨርሱታላችሁ ማለት ነው። ያውም አንድም ቅዳሜ ለቅሶ ሳይኖር፣ አንድም እሁድ ሠርግ ሳይጠራችሁ።

ታዲያ "በስድስት ዓመት ትመረቃላችሁ" የሚል የምዝገባ ማስታወቂያ ብታዩ መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የቀረው ሰዓት የት ገባ?

ኤክስቴንሽን የተማረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሌክቸሩ ብዙም አይቀነስም፤ ሌክቸር ርካሽ ነዋ። አንድ መምህር፣ አንድ ሰሌዳ፣ ካለም አንድ ፕሮጀክተር። የሚቀነሰው ላቡ ነው። እኔ የግንባታ ቁሳቁስ ላይ የምሠራ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ነኝ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ኮሌጅ ለቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ላብ አግዤ አውቃለሁ። የሴሚስተሩ ስድስት ላብ ተጠቃሎ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተሠራ። "ተሠራ" ስላችሁ አንድ ሰው እየሠራ አርባ ሰው ቆሞ አየ ማለቴ ነው። ከኋላ የቆሙት ደግሞ የፊተኞቹን ጀርባ ነው ያዩት። ሪፖርቱ ግን አርባ ሆኖ ገባ፣ ውጤቱም አርባ ሆኖ ተሞላ።

ይህን የምለው ሠርቶ መማርን ለማጣጣል አይደለም። ቀን ሠርቶ ማታ መማር ለጉራጌ ልጅ አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም። መርካቶ ሱቅ ውሎ ማታ ደብተሩን ይዞ የሚሮጥ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አዲሱ ነገር ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ አገር ቤት መምጣቱ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ኮምፒውተርም ሆነ ምህንድስና ለመማር አዲስ አበባ መውረድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በእርግጥ ለቡታጅራ ልጅ ጉብሬም ቅርብ አይደለም። ወልቂጤ የጅማ መንገድ ላይ ናት፤ ቡታጅራ ደግሞ ከዓለምገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ። በመሀላቸው የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል። ከ2015 ዓ.ም. በኋላ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆና ከወልቂጤ በአስተዳደርም ተለይታለች። ስለዚህ "ቅዳሜ ና" ብሎ መጥራት ሰዓቱን ይቀይር ይሆናል እንጂ ተራራውን አያነሳውም።

ክርክሬ ወዲህ ነው። አንድ ሙያ በትርፍ ጊዜ ወይም ከርቀት ለመማር ይመቻል አይመችም የሚለውን የሚወስነው የሌክቸሩ ሰዓት አይደለም። የሚወስነው ስትሳሳቱ ስህተታችሁን ማን፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ በስንት ብር ይነግራችኋል የሚለው ነው። ኮምፒውተር፣ ምህንድስናና ኮንስትራክሽን በዚህ ሚዛን ሲታዩ ሦስት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። የእኛ ኤክስቴንሽን ግን ሦስቱንም አንድ ፕሮግራም ላይ ይሰፋቸዋል፦ ቅዳሜ ጠዋት ይህ ኮርስ፣ ከሰዓት ያ ኮርስ።

ከኮምፒውተር እንነሳ፤ የቀለለው እሱ ነው። ፓይተን ስትጽፉ አንድ ቅንፍ ብትረሱ ማሽኑ በሰከንድ ውስጥ ይነግራችኋል፣ ከነመስመር ቁጥሩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይም ቢሆን አይቆጣም፣ መቶ ጊዜ ብትሳሳቱም አያፍርባችሁም። ፕሮግራሙን አንዴ ካወረዳችሁ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ አብራችሁ ትቆያላችሁ። እንዲህ ዓይነት ታጋሽ አስተማሪ በነጻ የሚገኝበት ሙያ ብዙ የለም። ኮምፒውተር ለትርፍ ጊዜ ተማሪ ከሁሉ የተመቸውም ለዚህ ነው።

ግን ማሽኑ የሚነግራችሁ ሰዋስዉን ብቻ ነው። የወር ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። ፕሮግራሙ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር አድርጎ ይቆጥራል፣ ጳጉሜን ረስቶታል። ኮዱ ያለ አንድ ቀይ መስመር ይሮጣል፤ ማሽኑ ደስ ብሎታል። ስህተቱን የሚያየው አጠገባችሁ ተቀምጦ ኮዱን የሚያነብ፣ "ጳጉሜስ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ኮምፒውተር ላይ ውዱ ነገር ይህ ሰው ነው።

ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የምመዝነው በዚሁ ነው። ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው፦ ነጻ ነው፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ትገባላችሁ፣ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ቡታጅራ ላይ ስልክ የሚጠግን ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል። እኔም ጀምሩ እላለሁ። ቅሬታዬ ስሙ ውስጥ ካለው ቁጥር ጋር ነው። አምስት ሚሊዮን ሲባል የሚቆጠረው የሰለጠነ ሰውና የተሰጠ ሰርተፍኬት ነው። የእናንተን ኮድ ስንት ሰው አነበበው የሚለው ቁጥር የለም። ጉብሬ ላይ ግን ኮምፒውቲንግ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረሱት በሳምንት ሁለት ሰዓት የጀማሪዎችን ኮድ እንዲያነቡ፣ ለዚያም ውጤት እንዲያዝላቸው ቢደረግ ሁለቱም ወገን ይማራል። የሰው ኮድ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሥራ ስትቀጠሩ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምታሳልፉት የራሳችሁን በመጻፍ ሳይሆን የሌላ ሰው በማንበብ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ዳታ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም "ኦንላይን አድርገነዋል" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይፈተናል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ15 ሳምንት ሌክቸር ብታዩ 20 ጊጋባይት አለፈ። ይህ ለአንድ ኮርስ ነው። ያንኑ ሌክቸር በሰከንድ 32 ኪሎቢት በሆነ ድምፅ ብቻ ብታወርዱት ሰዓቱ 14 ሜጋባይት ገደማ፣ ሴሚስተሩ በሙሉ ከ650 ሜጋባይት አይበልጥም። ከድምፁ ጋር የሰሌዳውን ፎቶ በቴሌግራም መላክ በቂ ነው። መምህሩ ሲናገር ፊቱን ማየት ያን ያህል አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችን ቪዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተን እንደምንሰማው የታወቀ ነው።

ምህንድስናው መሀል ላይ ይቀመጣል። የኤሌክትሪክ ዑደት በነጻ ሲሙሌተር መሥራት ይቻላል፣ ስህተታችሁንም ቶሎ ያሳያችኋል። ችግሩ ሲሙሌተር ውስጥ ሽቦ አይላላም፣ ሬዚስተር አይሸትም፣ የተበላሸ መልቲሜትር የሚባል ነገርም የለም። እውነተኛው ዓለም የሚያስተምራችሁ ሦስት ሰዓት ፈልጋችሁ ችግሩ የላላ ሽቦ ሆኖ ስታገኙት ነው። ይህን ለመማር ደግሞ የግድ ካምፓስ መግባት የለባችሁም፤ መልቲሜትር፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ባትሪ የያዘ ሳጥን ቤታችሁ ቢመጣ ይበቃል።

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ይህንኑ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1971 ተማሪ መቀበል ሲጀምር፣ ትምህርቱ በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው ሲባል ብዙ ሰው ስቆ ነበር። "ሳይንስ በፖስታ ይማራል?" ተባለ። እነሱ ግን የላብ ዕቃውን ራሱን ሳጥን ውስጥ አድርገው ላኩት። ከዕቃዎቹ አንዱ ኪስ የምትገባ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ነበረች። ቤት ሊሠራ የማይችለውን ደግሞ በበጋ ለአንድ ሳምንት ካምፓስ ጠርተው አሠሩ። ምን ቤት ይሠራል፣ ምን ለዚያች ሳምንት ይቆያል የሚለውን ኮርስ በኮርስ ቁጭ ብለው ለዩ። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ቁጭ ብሎ መለየት ነው እንጂ ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሳጥን መልቲሜትር ከተማሪ ተማሪ እየተዘዋወረ ስንት ሴሚስተር ያገለግላል።

እኛ አገር የርቀት ትምህርት ላይ የጥራት ጥያቄ ሲነሳ የተሰጠው መልስ ሌላ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የርቀት ትምህርት በየደረጃው እንዲቆም ታወጀ፤ ብዙ ሳይቆይ በቅድመ ሁኔታ ተመልሶ ተፈቀደ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው ኤምቢኤያቸውን በ1995 እ.ኤ.አ. ያገኙት ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አገር እየመሩ በርቀት ተምረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ርቀት በራሱ በሽታ እንዳልሆነ መንግሥት ቤት ውስጥ ይታወቅ ነበር። በሽታው ተማሪው ሲሳሳት የሚነግረው አለመኖሩ ነው፤ ያ ደግሞ በቀን ፕሮግራምም ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው መድኃኒት የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ግማሽ ያህሉ እንኳ አላለፉም፤ ከግል ተቋማት የተፈተኑት ደግሞ ከአምስቱ አንዱ እንኳ አልሞላም። ፈተናው ጠቃሚ ነው፣ ቢያንስ ያ በአንድ እሁድ የተጠቃለለ ላብ ባዶ ሪፖርት እንደነበር በተዘዋዋሪ አሳብቋል። ግን ፈተናው የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ የምርጫ ጥያቄ ኮንክሪት አይቶ ውኃው እንደበዛ የሚያውቅ ዓይን አላችሁ ወይ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

ኮንክሪት ካልን እኔ ወደምወደው ጉዳይ ደረስን፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ኮንስትራክሽን ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ስህተትን ቀስ ብሎ ይነግራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይነግርም። ሳይት የዋላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ሶሌታ ሲሞላ አርማታው ወፍሮ አልፈስ ሲል አንዱ "ውኃ ጨምርበት" ይላል። ይጨመራል፣ ይፈስሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ ደፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ብዙ ናሙና ሰብሮ ያሳየው ሕግ ግን ውኃው ከሲሚንቶው አንጻር በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል ይላል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሲሚንቶው ለኬሚካላዊ ለውጡ የሚፈልገው ውኃ ጥቂት ነው፤ ትርፉ ውኃ ሲተን ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስህተት ማሽን በሰከንድ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነው የኮንክሪት ኩብ ነው፣ እሱም ከ28 ቀን በኋላ መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲሰበር።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የኮንክሪት ኩብ የሚፈተነው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። ሁለቱም ለሰባት ይካፈላሉ። ቅዳሜ የሞላችሁትን ኩብ የምትሰብሩት በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ነው። ኮንክሪት ሳይነገረው የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነው! አንድ ላብ በአንድ ከሰዓት መጨረስ አለበት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሳይንሱ ሳይሆን ከፕሮግራም አውጪው ነው። አንድ ቡድን በመጀመሪያው ቅዳሜ በትክክለኛው መጠን አንድ ኩብ፣ "ውኃ ጨምርበት" ተብሎ ደግሞ ሌላ ኩብ ቢሞላ፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ልዩነቱን በገዛ ዓይኑ ያየዋል። እንዲያውም አሁን በየሳይቱ በብዛት የሚሠራበት ፒፒሲ ሲሚንቶ ከኦፒሲው ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ ስለሚገባበት ለውጡ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ዝቅ ያለ ቁጥር ያየ ቡድን ደንግጦ ሊከራከር ይችላል፤ ያ ክርክር ከሁለት ሰዓት ሌክቸር ይበልጣል።

የመማር ሳይንሱም ከዚህ ጎን ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን እየፈተነ በ1885 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ጀምሮ ደጋግሞ የተረጋገጠው ነገር፣ ተራርቆ የተደጋገመ ጥናት በአንድ ቀን ከታጨቀ ጥናት በላይ አእምሮ ውስጥ እንደሚቆይ ነው። ስምንት ሰዓት ቅዳሜ አጭቆ አምስት ቀን ዝም ማለት የዚህ ተቃራኒ ነው። ማክሰኞ ማታ በስልክ የምትመጣ አንድ ጥያቄ፣ ሐሙስ ሌላ አንድ፣ ብዙ ወጪ የላትም።

ኩቡ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ጨርሶ የማይታየው ስህተት ነው። የኮለን ስታፋ ተራርቆ ቢታሰር፣ አርማታ ሲሞላበት ይሸፈናል፣ ልስን ሲለሰን ደግሞ ይረሳል። ሕንፃው አሥር ዓመት ቆሞ ይኖራል፣ ፎርማኑም "አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም አልወደቀም" ይላል። ስታፋ በዋናነት የሚፈተነው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። ቡታጅራ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። ዙሪያዋን ያሉት የገሞራ ኮረብታዎችና አራ ሸይጣን ሐይቅ የምን ምልክት እንደሆኑ ጂኦሎጂ የተማራችሁ ታውቃላችሁ። በ1906 እ.ኤ.አ. ላንጋኖ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ሲያወዛውዝ የብዙዎቻችሁ ስልክ በቪዲዮ ተሞልቶ ነበር። ስህተታችሁን የሚነግራችሁ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ ማወቁ አይጠቅምም። ከዚያ በፊት አጠገባችሁ ቆሞ "ይህን ፍታና እንደገና እሰር" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ከርቀት አይሠራም፣ በቴሌግራምም አይላክም።

ታዲያ ኮንስትራክሽን በኤክስቴንሽን አይቻልም ማለት ነው? አይደለም። ሌክቸሩን ማዛወር ግን ከንቱ ነው፤ መዛወር ያለበት ተቆጣጣሪው ነው። ተማሪው እኮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይት ላይ ነው ያለው! መደበኛው ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንተርንሺፕ ውጣ ተብሎ የሚፈልገውን ቦታ እሱ በየቀኑ ይኖርበታል። ዩኒቨርሲቲው ግን ሥራውን የሚያየው እንደ መቅሪያ ምክንያት ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ ይቀበለዋል፣ ሥራው ላይ አይጎበኘውም።

ሳይት ላይ የተማረ ሁሉ ይታሰብለት ማለቴ ግን አይደለም። የአሥር ዓመት ልምድ አንዳንዴ አሥር ዓመት ሙሉ ውኃ መጨመር ነው። ስለዚህ ይፈተን። በቴክኒክና ሙያ በኩል ሲኦሲ አለ፤ ሙያውን የትም ተማረው የት፣ ቀርቦ በተግባር አሳይቶ ማረጋገጫ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ብዙ ይታማል፣ አንዳንዱ ሐሜትም እውነት ነው፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። በዲግሪ ደረጃ ይህ የተለመደ አሠራር አይደለም። ስታፋ ሲያስር ዕድሜውን የፈጀ ግንበኛ ዲግሪ ሲጀምር ብረት አይቶ ከማያውቅ ልጅ እኩል ከዜሮ ይጀምራል። ያ ደግሞ ከሰባት ዓመት ተኩሉ ላይ በሐቅ ሊቀነስ የሚችለው ሰዓት ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይሠራም የምትሉ ካላችሁ ቡታጅራን ራሷን እጠራለሁ። በዓለም የጤና ምርምር ውስጥ የቡታጅራ ስም የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. በጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ዓመታት መዘገቡ። በዚያ መረጃ ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ዶክትሬታቸውን የሠሩት "ሳንድዊች" በሚባል መንገድ ነበር፦ የተወሰነ ጊዜ ስዊድን፣ የተወሰነ ጊዜ እዚህ ሥራቸው ላይ። ሥራቸውን ጥለው አልሄዱም። ላባቸው ቡታጅራ ነበረች፣ ከስዊድን የሚፈልጉት ደግሞ ስህተታቸውን የሚነግራቸው ሰው ነበር፤ እሱን ለማግኘት ብቻ ሄዱ። ለጤና የሆነው ለኮንስትራክሽን የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ቡታጅራ ዙሪያ ለብሎኬትና ለመንገድ የሚያገለግለው ቀይ የገሞራ ጠጠር ተቆፍሮ የሚያልቅ አይመስልም። ከየኮረብታው የመጣው ጠጠር እኩል ይጠነክራል? ይህን ጥያቄ ከጉብሬ ሆኖ የሚመልስ መደበኛ ተማሪ ሳይሆን፣ በየቀኑ ብሎኬት ሲጫን የሚያይ የኤክስቴንሽን ተማሪ ነው የተሻለ የሚይዘው። አንድ መምህር በወር አንድ ቀን ተራራውን ተሻግሮ ሦስት ሳይት ቢዞር አሥራ አምስት ተማሪ ተራራውን በየሳምንቱ ከመሻገር ይድናል። (የተግባር ሳምንቱን መስቀል ላይ እናድርገው የሚል ካለ ግን አስቀድሜ ልንገረው፦ ክትፎ ትቶ ኩብ የሚሰብር ጉራጌ አያገኝም።)

ለመመዝገብ ወረፋ ላይ ያላችሁ፣ ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። ኮምፒውተር ከሆነ ኮዴን ማን ያነበዋል፣ በስንት ቀን ይመልስልኛል በሉ። ኤሌክትሪካል ከሆነ መልቲሜትሩን ይዤ ቤት መሄድ እችላለሁ ወይ በሉ። ሲቪል ወይም ኮንስትራክሽን ከሆነ የሥራ ቦታዬን አድራሻ ልስጣችሁ፣ ማን ይመጣል በሉ። ሬጅስትራሩ ሊገረም ይችላል፤ ይገረም። ከዚያ አምና የተማረ አንድ ልጅ ፈልጉና ኩቡን በየትኛው ቅዳሜ እንደሞሉት፣ በየትኛው ቅዳሜ እንደሰበሩት ጠይቁት። ሁለቱም አንድ ቀን ነበር ካላችሁ፣ ያ ኮንክሪት ገና እርጥብ ነበር።